ቀይ ነጥብህ ከከተማዋ ወጣች

ለግርሜ፣ ለልጆቼ አባት፤

አንተ ባለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅምና እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። እኛ ግን ሰንብተናል። ከተለያየን አራተኛ ዓመታችንን አለፍን። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ወረቀት አውጥቼ፣ ሁለት መስመር ሳልጽፍ እንባዬ ቀድሞኝ እተወው ነበር። ዛሬ ግን የያዘኝ እንባ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። መጋላ ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ፣ የደንበኛ ቀሚስ ይዤ ተቀመጥኩ፣ እጅጌውን ገልብጬ ሰፋሁት፣ ተረተርኩት፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። ጎረቤቴ አይታ «አቦ ሙሉ፣ ዛሬ ሂጂና እረፊ፣ የሰው ልብስ አታበላሺ» አለችኝ። ዘግቼ መጣሁ።

ነገ ሽማግሌ እንልካለን። ዮናስ ሊያገባ ነው። የት እንደምንሄድ ብነግርህ አታምነኝም። የምንሄደው እዚያ ነው።

«እዚያ» የሚለውን አንተ አታውቀውም፣ ካንተ በኋላ ቤታችን የገባ ቃል ነው። ያረፍክባትን ከተማ ስሟን የሚጠራ ሰው እኛ ቤት የለም። የግድ ሲሆን «እዚያ» እንላታለን፣ እንግዳ ካለ ደግሞ ዝም እንላለን። ይህም የሆነው በእህትህ ምክንያት ነው። የቀብርህ ዕለት እትዬ አስካለ ድንኳኑ መሀል ብድግ አሉና ገዘቱ። ከዘራችን ማንም እዚያ ከተማ እግሩን እንዳይረግጥ፣ ውሃቸውን እንዳይጠጣ፣ እህላቸውን እንዳይቀምስ፣ ከነሱም ጋር እንዳይጋባ በሥላሴ ስም ገዘቱ። አዝለው ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው፤ ያን ቀን ማን አፉን ይከፍታል? ደግሞስ ምን ስህተት አለው? ራዲዮኑ አንተ የተመታህበት ጥቃት የደረሰው እዚያ ከተማ ነው ብሏል። የሐኪም ቤቱ ወረቀት የከተማዋ ማኅተም አለበት። አስከሬንህም የመጣልን ከዚያው ነው። እኔም ራሴ አሜን ብያለሁ።

በመጀመሪያ ግን የቤቱን ልንገርህ፣ ካለዚያ ትቆጣኛለህ። ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ አድጎ ጣራውን አልፏል፣ ቅጠሉን መጥረግ የኔ ዕዳ ሆኗል። ሰፈራችን ድረስ ኮብልስቶን ገብቷል፣ አሁን ባጃጁ በር ላይ ያወርደኛል። ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ብሷል። ታስታውሳለህ፣ ከመንገድ በገባህ ቁጥር አልጋውን በረንዳ ላይ አውጥተን ስንተኛ፣ ማንኮራፋትህ ሰፈሩን ሲቀሰቅስ? አንድ ጊዜ ጎረቤት በአጥር ላይ «ሙሉ፣ አይሱዙውን አጥፊልን» ብሎ ጮኾ ስንስቅ ነው ያደርነው። ያን ሳቅ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም በየጊዜው አዲስ እንደሆነ ይስቁልኛል።

ፍሬ፣ ያቺ ጋቢና ውስጥ በመሀላችን ተቀምጣ «ይሄ ማን ይባላል፣ ከዚያ ቀጥሎስ?» እያለች የከተሞችን ስም የምታስቆጥርህ ልጅህ፣ ጂኦግራፊ ተምራ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። የመመረቂያ ጥናቷ ምን መሰለህ፤ በአገራችን የሽብር ጥቃት የት የት እንደሚደርስ፣ የት እንደሚበዛና የት እንደማይደርስ በካርታ ማሳየት ነው። ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ወንዝና ተራራ እያለ ይሄን ብቻ አገኘሽ ወይ አልኳት። «እማዬ፣ ያባዬን ነገር በልቤ ይዤው ስዞር ከሚያመኝ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ባየው ይሻለኛል» አለችኝ። 

እንግዲህ ያን የሚያህል ካርታ አምጥታ ሳሎን ለጠፈችው። የአገሩን ሁሉ ካርታ፣ በቀይ ነጥብ ተሞልቶ፣ ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ፊት። ፎቶህን አንስታ በሌላ በኩል ሰቀለችው፤ ተጣላን፣ ከዚያ ታረቅን። ሰው ሲመጣ በመጋረጃ እሸፍነዋለሁ። ለብቻዬ ስሆን ግን ገልጬ አየዋለሁ። ያንተን ነጥብ አውቃታለሁ፤ እዚያች ከተማ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር ተደራርባ ተለጥፋለች። አንዳንድ ቀን እጄን አድርጌባት ቆሜአለሁ።

በዚሁ መሀል ዮናስ ፍቅር ያዘው። ልጅህ ባለፈው ዓመት ትራንዚት ቢሮ ሥራ ገብቷል፤ ልጅቷ ደግሞ ከዚራ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፣ ትዕግስት ትባላለች። ስሟም ጠባይዋም አንድ ነው። ቤት ይዟት ሲመጣ በአንድ ቀን ወደድኳት። አገሯ የት ነው ስለው ግን «ወደ መሀል አገር ነው» ይለኛል። መሀል አገር የት ነው ስለው «መንገድ ላይ ነው» ይለኛል። ሹፌር ያገባች ሴት በዚህ አይታለልም። ግን ልጄን አላስጨንቀውም ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ከንፈሩን እየነከሰ ነገረኝ። ልጅቷ የ«እዚያ» ልጅ ናት።

እትዬ አስካለ ሲሰሙ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ በቁሜ ይሄ አይሆንም» ብለው ወጡ። ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባም፣ ግዝት እንዲሁ በአፍ የሚቀለድበት እንዳልሆነ፣ ያሰሩት እትዬ ራሳቸው ሳይፈቅዱ አባ ልፍታው ቢሉ እንደማይሆን ነገሩኝ። ዮናስም ያለ አክስቱ ምርቃት አላገባም አለ፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰው ታውቃለህ። ልጁ ከሳ። ትዕግስትም ቤታችን መምጣት ተወች።

ይብስ ብሎ በነሱም በኩል ነገር ነበረ። የትዕግስት አያት የልጅ ልጃቸውን ለድሬ ልጅ አልሰጥም አሉ። ለምን? በዜና እንደሚሰሙት ድሬዳዋ ሰው የሚቆስልባት፣ ሬሳ የሚወጣባት አገር ናትና። መጀመሪያ ተናደድኩ። ድሬ ክፉ ቀን አላየችም አልልም፤ አይታለች። ግን በኛ ሰፈር ዋናው ጦርነት ከቀትር በኋላ የበረንዳውን ጥላ ማን ይያዝ የሚለው ነው። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ እኛን እንዲህ የሚያዩን ብዬ ስብሰለሰል፣ እኛም እነሱን ልክ እንደዚያ እንደምናይ ትዝ አለኝ።

አሁን ወደ ነገሩ መጣሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሙሉ በራፉን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ እኔም ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ ተጋድሜ ሳለሁ ፍሬ እየሮጠች ገባች። «እማዬ ተነሺ፣ ነጥቦቹ ሐኪም ቤት ይከተላሉ» አለች። ልጅቷ ሙቀት መታት ብዬ ነበር የተነሳሁት። ካርታው ፊት አቆመችኝና የየከተማውን ስም እየጠራች በጣቷ አሳየችኝ። ቀዮቹ ነጥቦች የተከመሩት ትልቅ ሐኪም ቤት ያለባቸው ከተሞች ላይ ነው። ሐኪም ቤት በሌለበት ከተማ ነጥብ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ሽብርተኛ ሐኪም ቤት እየመረጠ ነው የሚመታው? አይደለም። ዜናው የሚጻፈው ቁስለኛው ከደረሰበት ነው። ሰው በረሃ ላይ ይመታል፣ በመኪና ተጭኖ ከተማ ይገባል፣ የሚቆጥረውም የሚናገረውም ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ጥቃቱ የከተማዋ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ልጅህን ብታያት። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። ለያንዳንዱ ነጥብ ስልክ ትደውላለች፣ የድሮ ወሬ ታገላብጣለች፣ የቆሰሉትን፣ የተረፉትን ትጠይቃለች። የት ተመታ? የት ተወሰደ? ሁለቱን ለየቻቸው። የተመታበትን ቀይ፣ የታከመበትን ሰማያዊ አደረገችው። ግርሜ፣ ካርታው ፊቱን ቀየረ። ቀዮቹ ከከተሞቹ እየተነሱ ወደ መንገዱ ወጡ፤ ስልክ ወደማይሠራበት፣ ጥበቃው ከዚህም ከዚያም ወደሚርቅበት፣ ይሄኛው ወረዳ የዚያኛው ነው፣ ያኛውም የዚህ ነው እያለ ወደሚተወው መሬት። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ተደጋግሞ የሚመታ ነው፣ ነጥቡ እዚያው ላይ ይደራረባል። ሰፊው የአገሩ ክፍል ግን ባዶ ሆኖ ቀረ፤ ሰላም የዋለ ባዶ። ለካ አገሩ ሁሉ እየተቃጠለ ነው ስንል የኖርነው ጭሱን እንጂ እሳቱን ሳናይ ነው። ድሬም የነበሯት ነጥቦች አብዛኞቹ ሰማያዊ ሆኑ፤ ከዙሪያው እኛ ዘንድ የመጡ ቁስለኞች ናቸው። እኔ ካርታ አላውቅም፣ የማውቀው የልብስ ልክ ነው። ያን ቀን ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ መጋረጃውን ገልጬ አሳየሁ።

ፍሬ የድሬን ነጥቦች በስልክ ፎቶ አንስታ ለትዕግስት ላከችላት፣ ትዕግስትም ለአያቷ አስረዳች። አያትየው ብዙ ጠየቁ አሉ። በመጨረሻ «እንዲህ ከሆነ ሰው የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸዋ» ብለው እሺ አሉ። በነሱ በኩል በሩ ተከፈተ። የቀረው በኛ በኩል ነው።

ፍሬ ያንተን ነጥብ እስከ መጨረሻው አልነካቻትም ነበር። ሁሉንም ጨርሳ እሷ ብቻ ቀረች። ረዳትህ ያን ሰሞን ታሞ ብቻህን ነበርክ፤ የሚጠየቅ ሰው ሹፌሩ ጓደኛህ፣ የሁርሶው አብዲ ብቻ ነው። በሌላ መኪና ከኋላህ ሲመጣ አግኝቶህ ሐኪም ቤት ያደረሰህ እሱ እንደሆነ እናውቃለን። ያነሳህ ግን ከከተማው ውስጥ ይመስለን ነበር። ጠይቀነው አናውቅም፣ እሱም ነግሮን አያውቅም። ለቅሶህ ላይ እስኪያልቅ ድረስ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ከርሟል፤ ስኳርና ሩዝ ተሸክሞ መጥቷል፤ በየበዓሉ ይጠይቀናል። አንድም ቀን ግን ስለዚያ ቀን ቃል አልወጣውም። እንዴት ይውጣው? በኛም በነአብዲም ባህል ሐዘንተኛ ፊት ሟች እንዴት እንደሞተ አይዘረዘርም። ሰው ያጽናናል፣ «አንድዬ ያውቃል» ይላል፣ ሌላ ወሬ ያመጣል። አራት ዓመት ሙሉ ነውር እንዳይሆንበት ዝም አለ፣ እኛም ነውር እንዳይሆንብን ሳንጠይቅ ቀረን።

ባለፈው እሑድ ጠራነው። እትዬ አስካለም እንዲመጡ ለመንኳቸው፣ ካርታ አላይም ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ከኒሙ ሥር ተቀመጡ። ፍሬ አብዲን ቦታውን ጠየቀችው። አብዲ አንገቱን እንደደፋ፣ ከከተማው ከአንድ ሰዓት በላይ ርቆ፣ ሰው የሌለበት በረሃ ላይ እንደነበር ነገረን። ታጣቂዎቹ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው ጠብቀውህ ነው። እነማን እንደሆኑ እሱም አያውቅም። «ወላሂ የምታውቁ መስሎኝ ነው» አለ። ግዝቱንም ያን ቀን ነው የሰማው። ከተማዋን የማትጠሯት ትዝታ ሆኖባችሁ መስሎኝ ነበር ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

እትዬ አስካለ አሁንም አልዞሩም። ከጀርባቸው ሆነን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰማን። ውሃ ጠጣ ወይ አሉ።

አብዲ መናገር አልፈለገም፣ ግን ታላቅ ሰው ጠይቆት እንዴት ዝም ይላል። መንገዱን ሙሉ ውሃ ስትለው ነበር። የሱ ጀሪካን ባዶ ነበር፣ ራዲያተሩ ላይ ጨርሶታል። ከተማው መግቢያ ላይ ቦኖ አለ፣ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። መኪናውን አቁሞ ሲጮህ ተራቸውን ጥለው መጡ። አንዷ ጋቢናው ላይ ወጥታ ራስህን ክንዷ ላይ አድርጋ በጆግ አጠጣችህ። ሌሎቹ ደግሞ ገበያ ቀን ነበርና ከመኪናው ፊት ፊት እየሮጡ፣ ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ መንገዱን እስከ ሐኪም ቤቱ ከፈቱለት። ከተማን ሁሉ በውሃዋ የምትመዝን ሰው አልነበርክ፣ የዚህ ይከብዳል፣ የዚያ ኖራ አለበት እያልክ? የዚያችን ውሃ ጠጥተህ ለሴትየዋ «እግዜር ይስጥሽ፣ ጣፋጭ ነው» አልካት አለ አብዲ። ያን ስሰማ አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ግን ልቤ በደስታ እየዘለለ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ብቻህን፣ በጠላት መሀል፣ ጠምቶህ የሞትክ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ዞሩ። ፊታቸው እንዴት እንደነበር ልጽፍልህ አልችልም። «ወንድሜ የጠጣውን ውሃ ነው የገዘትኩባችሁ» አሉ። ከዚያ ተነሱና ሳሎን ገብተው ካርታው ፊት ቆሙ። ፍሬ ቀይ ነጥብህን በጥፍሯ ላጥ አድርጋ አነሳችና ወስዳ ባዶው በረሃ ላይ፣ ስም በሌለው ቦታ ለጠፈቻት። ከተማዋ ላይ በፋንታዋ ሰማያዊ ነጥብ አደረገች። እህትህ ሰማያዊዋን ሲዳብሱ አየሁ።

ማግስቱን በጠዋት አባ ዘንድ የሄዱት ራሳቸው ናቸው። አባም ያሰረ ይፍታ፣ እኔም ጸሎቱን አደርሳለሁ አሏቸው። እትዬ አስካለ ግን እዚህ በቃል ብቻ ብፈታው አይበቃኝም፣ ሄጄ ነው የምፈታው አሉ። ወንድሞችህ፣ ሴት ከሽማግሌ ጋር መች ትሄዳለች ብለው ማጉረምረም ጀምረው ነበር። እህትህ በዓይናቸው ብቻ አዩአቸው፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ማን ይከለክለኛል?

ዮናስ ዛሬ ሦስት ሸሚዝ አስተኮሰኝ፣ እሱ እንኳ ነገ አይሄድም። ትዕግስት ጠዋት መጥታ የእትዬ አስካለን ጉልበት ስማ ሄደች፤ እሳቸውም «ልጄ» አሏት። አብዲ ነው የሚነዳን። ያንን ቦታ ስናልፍ እንዳናቆም፣ እሱ ራሱ እንደሚያሳየን ነግሮናል። በፊት መንገድ የሚባል ነገር ሲነሳ ልቤ ይርድ ነበር፤ አሁንም ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን የምፈራው የት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ቁራጭ መንገድ ጸልየን እናልፈዋለን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ልጅ ልትድር እንደምትሄድ ሴት ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

ቦኖው ዘንድ እንቆማለን። ያቺን ሴት አናገኛት ይሆናል፤ ብናገኛትም ምን ብለን እንደምንጀምር አናውቅም። ብቻ እትዬ አስካለ ይወርዳሉ፣ ተራ ይዘው ይቆማሉ፣ በእጃቸው ይጠጣሉ። ቀጥዬ እኔ እጠጣለሁ። ግርሜ፣ እስከ ዛሬ አንተን ባስታወስኩ ቁጥር አብረው የሚመጡብኝ የገደሉህ ነበሩ፤ ፊታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ባልጋችን መሀል ሲተኙ ኖረዋል። ከነገ ጀምሮ አንተን ሳስብ ያጠጡህንም አብሬ አስባለሁ፤ ነፍስ ይማር ባልኩልህ ቁጥር ለነሱም ዕድሜ እለምናለሁ። ይህን አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ አልረሳም።

ያንተዋ ሙሉ